ከጉድጓዱ የቀዳሁልሽ ውሃ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔና እናትሽ አለን፤ መኖር ከተባለ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ጀልባዋም ዳር ላይ ተደፍታ ከተቀመጠች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።

ሐሙስ ስብሰባ ላይ ቆመሽ «የሐይቁ ውሃ ጤነኛ ነው» ልትዪ እንደሆነ ጽፈሽልኝ ነበር። እባክሽ ልጄ፣ እንዳትዪ። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ብቻ አንብበሽ ሳትጨርሺ ደብዳቤውን እንዳትቀጂው።

ዓሣው አለቀ። ቅዳሜ ጠዋት ብወርድ ዳርቻው በሙሉ ነጭ ሆድ ነው፤ አፉን እንደከፈተ፣ አየር አጥሮት። ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል፤ ሽታው ቤት ድረስ ገብቶ እህል አያስቀምስም። ማዳበሪያው ከየማሳው በዝናብ እየታጠበ፣ የከተማው ፍሳሽም እየተጨመረበት አረንጓዴውን ያፋፋዋል፤ እሱ ሲበሰብስ ደግሞ የውሃውን አየር ይጨርሰዋል ስትዪኝ ስቄብሽ ነበር። እኛማ አረንጓዴው ሲመጣ ለዓሣው ቀለብ መጣለት ብለን ደስ ብሎን ነበር፤ ጉድ እኮ ነው! ጎረቤታችን መረብ ጠጋኙ «እንግዲህ ሹራብ ልጠግን ነው» ቢል የሳቀለት የለም።

እንግዲህ የራሴን ጉድ ላውጣው። «ከጀልባ ማሰሪያው ጫፍ፣ ክንድህን ነክረህ ቅዳ» እያልሽ ለምርመራ በየወሩ የምትልኪልኝን ጠርሙስ ስሞላ የኖርኩት ከሐይቁ አይደለም። ከጓሯችን ጉድጓድ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከሐይቁ ቀድቼ ወደ ብርሃን ባነሳው ዝቃጭ ብቻ። ለልጅ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ይላካል? አፈርኩ። ደፋሁትና ጠርሙሱን በሳሙና አጥቤ ንጹሑን ሞላሁልሽ። ከዚያ «አባዬ፣ ሐይቃችን እኮ ደህና ነው!» ብለሽ ስትጽፊ ደስታሽን ማን ያፍርስ? ቀጠልኩበት። ኋላማ ዓሣ ማጥመድ ይከለክሉናል ብዬም ፈራሁ፤ እሱንም አልደብቅሽም።

ለእናትሽ ትናንት ነገርኳት። «አንተ ሰውዬ!» አለችና ባዶውን ጠርሙስ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

መሥሪያ ቤትሽ ያሉት ምን እንደሚሉሽ እያሰብኩ እንቅልፍ የለኝም። «ያሳሳተኝ አባቴ ነው» በያቸው። እንዳትሸፍኚኝ።

ከደብዳቤው ጋር ጠርሙስ አለ፤ የአውቶቡሱ ሹፌር ነገ ያደርስልሻል። ዛሬ ጠዋት እንዳልሽኝ ክንዴን ነክሬ ቀዳሁት፤ እስካሁን ያሳክከኛል። ክዳኑን ስትከፍቺ አፍንጫሽን ያዢ።

ፈጣሪ አንደበትሽን ያቅናልሽ፤ በእኔ ጥፋት አንቺን አያሳፍርሽ።

አባትሽ

መልስ ለመጻፍ ልብሽ እንቢ ቢልሽ እንኳ፣ ባዶውን ጠርሙስ መልሰሽ ላኪልኝ።