በእኔ ስልክ የገባው መልእክት

ቂርያት ማላኪ፣ እስራኤል፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2018

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለጠጅቱ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችስ ደኅና ናቸው? እኔና አባየ በጤና አለን። ጎረቤታችን ይርሳው ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ጎንደር ስለሚመጣ ይህን ደብዳቤ በእጁ ላክሁልሽ። በስልክ ድምፄን ቀርጬ ልልክልሽ አራት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ግማሽ ላይ ስደርስ እያቃተኝ አጠፋሁት።

ባለፈው «እማየን ማን ነው ችላ ያላት?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ሰው ብዙ ያወራል» ብየ አለፍኩሽ። አሁን ልንገርሽ።

የምማረውን ትምህርት በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። የጤና ኢንፎርማቲክስ ይባላል። የታማሚ ፋይል፣ የምርመራ ውጤት፣ የቀጠሮ መልእክት በኮምፒውተር ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ፣ የትስ እንደሚቆም ነው የምንማረው። እማየ ግን ላገኘችው ሁሉ «ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው» ትል ነበር፤ እኔም አላረምኳትም። ሁለት ቀን ቤኤር ቱቪያ ባለ መጋዘን ዕቃ እያሸግሁ፣ ሦስት ቀን ኮሌጅ እየሄድኩ የመጨረሻው ዓመት ላይ ደረስኩ።

እማየ ዕብራይስጥ ስለማታነብ ክሊኒኩ ውስጥ በፋይሏ ላይ የእኔን ስልክ ያስመዘገብኩት ራሴ ነኝ። እዚያው ክሊኒክ ሮማን የምትባል የኛ ሰው ትሠራ ነበር፤ ቤቷ ያቭነ ከተማ ነው። ሥራዋ ዕብራይስጥ ለማያውቁ ትልልቅ ሰዎች መደወል፣ ሐኪም ፊትም ማስተርጎም ነው። እማየ ዘንድሮ በጃንዋሪ የጡት ምርመራ አደረገች። ውጤቱ ደግ ስላልነበረ ተመልሳ እንድትመጣ ተፈልጎ ነበር፤ አልሄደችም። በሜይ ወገቤን ብላ ሆስፒታል ስናስገባት በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

ለቅሶው ገዴራ አክስታችን ታፈሰች ቤት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሮማን መጣች። አክስቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ «አንዲት ስልክ መደወል አቅቶሽ ነው እህቴን ያስቀበርሽኝ?» አለቻት። ሮማን አባየ ፊት ጎንበስ ብላ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብቻ አለችና ወጣች። ከዚያ ወዲያ ወሬው በየሕንፃው ተዛመተ። ሽማግሎቹ ስልኳን አናነሣም አሉ። በወሩ ሥራዋን ለቀቀች።

አባየም «የተማርሽው አንች ነሽ፤ ለክሊኒኩ አቤቱታ ጻፊ» አለኝ። በዕብራይስጥ አሳምሬ ጻፍኩት፤ ስሟንም ጠቅሼ።

መልሱ በሴፕቴምበር መጣ፤ አንድ ገጽ ነው። ፌብሩዋሪ 11 ቀን ከሰዓት በኋላ በፋይሉ ላይ ወዳለው ስልክ መልእክት ተልኳል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥም ተከፍቶ ተነቧል ይላል። ቁጥሩ የእኔ ነው። ኮምፒውተሩ እንዲህ ደቂቃ ሳይቀር እንደሚመዘግብ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። «ምርመራው መሟላት ስላለበት በሳምንት ውስጥ ይደውሉ» ነበር የሚለው። በማግስቱ የስታቲስቲክስ ፈተና ነበረብኝ። ከፈተናው በኋላ እደውላለሁ አልኩ። ከዚያ ሌላ ፈተና መጣ፣ ከዚያ መጋዘኑ ተጨማሪ ሰዓት ሥሪ አለኝ፣ ረሳሁት። የስታቲስቲክሱን ዘጠና አንድ አገኘሁ።

ወረቀቱን ሦስት ሳምንት ደበቅሁት። አባየ «መልስ የለም?» ሲለኝ «ገና ነው» እለዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ ያቭነ ሮማን ቤት ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ «መልእክቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «እናትሽ ሆስፒታል የገባች ጊዜ ፋይሉን አይቻለሁ። ቀድሞም ያልደወልኩት ተነቧል ስለሚል ነው። ልጇ ተማሪ ናት፣ ታመጣታለች ብየ።»

«ታዲያ ለቅሶው ላይ ለምን ዝም አልሽ፣ እቴ ሮማን?»

«ምን ልበል? እናትሽን ቀብረሽ በተቀመጥሽበት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? የሰው ፋይልስ አደባባይ ይወጣል?» ፊቷን አዞረች። «አልተቀየምኩሽም ብል እዋሻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቦታ ነው። አቤቱታውን የጻፍሽው አንች መሆንሽን ስሰማ ነው ያለቀስኩት።»

ከዚያው ወደ ገዴራ ሄድኩ። አባየ አክስቴ ዘንድ ነበር፤ ለሁለቱም ነገርኳቸው። አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አባየ «ሮማን ቤት ውሰጅኝ» አለኝ። ሰንበት መንገድ አይኬድምና ቅዳሜን እዚያው ውለን እሑድ ሄድን። ደጃፏ ላይ እግሯ ሥር ሊወድቅ ሲል ብብቱን ይዛ አነሣችው። «በድለንሻል፣ ልጄ» አላት። እሷም «ይተዉ አባቴ፣ ይግቡ» አለችው። ወደ ክሊኒኩ ግን አልተመለሰችም። አሁን ያቭነ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መዋያ ትሠራለች።

አባየ አልተቆጣኝም። «ትምህርትሽን እንዳትተይ፤ እናትሽ የደከመችበት ነው» ብሎኛል። ራት ሳቀርብለትም «ተባረኪ» ይለኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

አሁን የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፌ ነው። ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የያዙ የአንድ ሺህ ታማሚዎች ፋይል ሰጥተውኛል። እንደ እማየ ሃምሳ ስድስት ዓመት የሆናት ሴት ስትመጣብኝ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወደ ውጭ እወጣለሁ።

እህቴ፣ ለአባየም ለሮማንም ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። መልእክቱን ኮሌጅ ሆኜ አነበብኩት ብያቸዋለሁ። ቤት ነበርኩ። እማየ ከጎኔ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ስልኩ ሲጮህ ቀና ብላ «ከሐኪም ቤት ነው እንዴ?» አለችኝ። ጥናቴን እንዳታቋርጠኝ ብየ «ማስታወቂያ ነው» አልኳት። «ቤሰደር፣ እሺ፣ አጥኚ» አለችና እንዳትረብሸኝ ምስሯን ይዛ ወደ ጓዳ ሄደች።

ፈጥነሽ ይቅር በይኝ አልልሽም። ብቻ ጻፊልኝ፤ ቁጣም ቢሆን ከአንች ይምጣ። ባለትዳር ናት ተብሎ ወደ እስራኤል የመግቢያ ወረቀትሽ ከእኛ ተለይቶ ከቀረ አሥር ዓመት ሞላው፤ አምላከ እስራኤል ጨርሶልሽ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ለእማየ ያልደረሰው ዕድሜ ለአንች ይሁን።

እህትሽ ውቢት