በየትኛው «ሀ»?

ጥቅምት 2
ዛሬም ቢሮ ስልኬን ስነካካ ዋልኩ። የአባዬ አክስት እትዬ ማሬ የዘራችንን ቆጠራ ሊነግሩኝ ነው። የት ላስቀምጠው? አንዱ መተግበሪያ ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም... ለደብረ ታቦር አይሆንም። ሌላው አማርኛውን ባዶ ሳጥን ያደርገዋል። ሦስተኛው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፍለጋውም ፈጣን ነው። ሰሎሞን፣ የቢሮው ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ «ስም ጻፊ፣ ዓይንሽን ሳታርገበግቢ ያወጣልሻል» አለኝ። እሱን መረጥኩ።

ጥቅምት 12
ጉና ደርሼ መጣሁ። እትዬ ማሬ ሰባት ቤት ከነቅርንጫፉ ቆጠሩልኝ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም! ጣቴ በብርድ ደንዝዞ በጥድፊያ ስልኬ ላይ መታሁት።
«ዘር በልብ ነው እንጂ የሚያዝ፣ በስልክ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ።
ሳቅኩባቸው።

ጥቅምት 28
እትዬ ማሬ አረፉ። ለቀስተኛው «ዘር ቆጣሪያችን» እያለ አነባ። እኔ ግን ውስጤ ኮራ፤ ሁሉም እኔ ዘንድ አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ታኅሣሥ 12
አርባቸው ወጣ፤ ይሻው ሽማግሌ ሊልክ ነው። የእብናቱ እህል ነጋዴ፣ ሦስት ዓመት የጠበቅኩት! አባዬ መጀመሪያ የጠየቁት ዘር ነው። ሰባት ቤት ውስጥ ከተገናኘን ጋብቻ የለም። የይሻው አባት የሰባት ቤታቸውን ስም በወረቀት ላኩ። የመጨረሻው «መሪጌታ ኃይሉ ዘአንበሳሜ» ይላል። አንድ በአንድ ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ምንም አልተገኘም... ምንም አልተገኘም... እንዲህ የሚያስደስት ቃል አይቼ አላውቅም።
«ተይ ፋሲካ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው» አሉ አባዬ።
ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም? ታዲያ ስልኩ ለምኑ ነው? «ንጹሕ ነው» አልኳቸው።

ጥር 4
የሠርጉ መጥሪያ ታትሟል። ሽማግሎች ስለ ድግሱ ሊነጋገሩ ተቀምጠው፣ የይሻው ዘመድ ቄስ ሞላ የእነሱን ዘር ጮክ ብለው ቆጠሩ። ሰባተኛው ላይ ቆም አሉ።
«እኒህ መሪጌታ ኃይሉ... የማሬም ዘር ከእሳቸው አይደል የሚመዘዝ?»
ቄሱ ወደ እኛ ዞሩ።
«እህትና ወንድም ናችሁ፣ ልጆቼ።»
አንድ ቤት ብቻ አልፎ ቢሆን! አንድ!

ጥር 5
ሁሉንም በዓይኔ አነበብኩ። ሰማንያ ሦስተኛው ላይ አለ፦ «መሪጌታ ሀይሉ፣ አንበሳሜ»። እኔ በሃሌታው ሀ፣ እነሱ በብዙኃኑ ኀ። ለእኛ አንድ ሰው፣ ለስልኩ ሁለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል... እኔ የምለቅመው እንኳ የለኝም።

ጥር 9
ይሻው ደወለ።
«ስማቸው ስልክሽ ውስጥ ነበር?»
«ነበር... ግን ፊደሉ...»
«እያወቅሽ ደበቅሽኝ።»
ዘጋው። ተናደድኩበት። ግን በአንዲት ፊደል ነው ብባል እኔስ አምን ነበር?

መጋቢት 3
ገበያ ላይ አገኘሁት፣ ማሽላ ሲያራግፍ።
«ደኅና ነሽ፣ እህቴ?» አለኝ።
እህቴ! ሦስት ዓመት «ፋሲካዬ» ሲለኝ የነበረ አፍ።
«ደኅና ነኝ፣ ወንድሜ» አልኩት። አመመኝ።
መተግበሪያውን አጥፍቼ ደብተር ገዛሁ። ከመሪጌታ ኃይሉ ጀምሬ፣ ስማቸውን በሁለቱም ፊደል ጽፌ፣ በሁለቱም ወገን ወረድኩ። በአንዱ ወገን መጨረሻ «ይሻው» አልኩ። በሌላው «ፋሲካ»። አንድ መስመር ላይ ዋልን፤ መጥሪያው ላይ እንደነበረው፣ ጎን ለጎን።