የኦፕሬተር ሠላሳ አንድ ሰባት የተቋረጡ ጥሪዎች

ለኢንተርኔት አቅራቢያችን የደንበኞች ድጋፍ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ መርዶ ማርዳትን፣ ምስጋና ማቅረብንና አንዲት ሠራተኛ እንዳትባረር መለመንን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሚሽከረከረው ወንበርዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ ደኅና ነን፤ ማለቴ እየጠበቅን ደኅና ነን። ከመጠበቅ ብዛት ጤናና መጠበቅ አንድ መስሎን ቀርቷል።

በመቀጠል ግን በከባድ ሐዘን የማረዳዎት ነገር አለ። የቤታችን ኢንተርኔት ባደረበት የፍጥነት ማነስ ሕመም ምክንያት፣ በቤተሰቡ እጅ በማጥፋትና በማብራት ሲረዳ ቆይቶ፣ ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ችግሩ ሞቶ አለመቅረቱ ነው። ከአራት ደቂቃ በኋላ ተነሣ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዐይኑን ገልጦ አየንና ዳግም ሞተ፤ እንዲሁ ሲሞትና ሲነሣ ዘጠኝ ቀን አስቆጠረ። ሐዘንተኛ ቁርጡን ካወቀ ይጽናናል፤ እኛ ግን እንባችንን እንጥረግ ወይስ እናፍስሰው ብለን ስናመነታ ደከምን።

አቤቱታዬን በቁጥር የማቀርበው ድርጅትዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ነው። ወደ ድጋፍ መስመራችሁ የደወለ ሁሉ አንድን ይጫኑ፣ አራትን ይጫኑ፣ ዜሮን ይጫኑ ሲባል ውሎ፣ ሰው ሳያገኝ ጣቱ ይዝላል።

አንደኛ። ሰው ሁሉ ከቤቱ ሆኖ እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ «ቤትዎ ቢሮዎ ነው፤ እኛ አለንልዎ!» የሚል መልእክት በየስልካችን ልካችሁልን ነበር፤ እግዜር ይስጥልን። ቤታችን ቢሮ መሆኑስ እውነት ነው፤ ሥራ አይሠራበትም። «እጅግ ፈጣን» የሚለው ጥቅላችሁም ፈጣን ነው፤ ሲጠፋ ማየት ነው። ከሥራችን ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት አስጠኚ በቪዲዮ ሒሳብ ሲያስረዱ፣ ምስላቸው አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቆ ሃያ ደቂቃ ቆየ። ተማሪዎቹ ጋሼ እያዛጉ ነው ብለው አብረዋቸው ሲያዛጉ፣ አንዱ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ወላጁ ደውሎ ጋሼን ስላመሰገናቸው፣ ምስጋናው የሚገባችሁ እናንተ ስለሆናችሁ ይኸው አስተላልፌያለሁ።

ሁለተኛ። የመቆያ ሙዚቃችሁ። ስለ እሱ ብዙ አልልም። እማዬ ሳይታወቃት ልብስ ስታጣጥፍ ታንጎራጉረዋለች፤ ከዚህ የበለጠ ምን በደል አለ?

ሦስተኛ። ይህኛው ረዘም ስለሚል ክቡርነትዎ ደገፍ ይበሉ።

«ደንበኛን ከቅርብ» የተሰኘ አዲስ አሠራር ማውጣታችሁ ይታወቃል። የአንድ ሠፈር ደንበኛ ችግር ገጥሞት ሲደውል፣ እዚያው ሠፈር ውስጥ ከቤቷ ሆና የምትሠራ ኦፕሬተር ታነሣለታለች፤ የጎረቤትን ችግር ከጎረቤት በላይ ማን ያውቃል ብላችሁ ነው። ሐሳቡን ያመጣውን ሰው ባገኘው ግንባሩን እስመው ነበር። ሠፈሩ በታመመ ቁጥር የሠፈሩ ሐኪም አብራ እንድትታመም ያደረገ፣ እንዲህ ያለ ፍትሕ ተሰምቶ አይታወቅም።

ታላቅ እህቴ፣ እኔ እህትዓለም ነው የምላት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማመልከቻ ስትጽፍ ኖራ፣ በመጨረሻ ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጠረች። የት ነው ስንላት «ስልክ አነሣለሁ» ትላለች እንጂ የማንን ስልክ እንደሆነ አትተነፍስም። ጓዳዋ ውስጥ የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ ዘርግታ ኮምፒውተሯን ታስቀምጥበታለች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፣ በሩን ትዘጋለች፤ ከዚያ ወዲያ በቤታችን ማስነጠስም በፈቃድ ነው። ያልነገረችን ለምን እንደነበር ኋላ ነው የገባን፤ ሠፈሩ ካወቀ የየቤቱን የኢንተርኔት ሳጥን እየነቀለ በራችን ላይ ይሰለፋል ብላ ነው። አልተሳሳተችም። ወሬው ትናንት ወጥቶ፣ ዛሬ ጠዋት በራችን ላይ ሳጥኑን የታቀፈ አራት ሰው ነበር።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ሳላውቅ ለቤቴ አስቤ መደወል ጀመርኩ። የእህትዓለምን ሥራ እንዳልረብሽ ብዬም ወጥቼ ደረጃው ላይ እየተቀመጥኩ ነበር የምደውለው፤ ጨዋነቴን ይዩልኝ። ስድስት ጊዜ ሰው አገኘሁ። ስድስቱንም ጊዜ ቅልስልስ ያለች ድምፅ «ኦፕሬተር ሠላሳ አንድ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?» ትላለች፤ ችግሬን ልነግራት አፌን ስከፍት ጥሪው ይቋረጣል። የእህትህ ድምፅ እንዴት ይጠፋሃል ይሉኝ ይሆናል። ክቡር ሆይ፣ እህቴ ከተወለድኩ ጀምሮ ለእኔ «ምን ልታዘዝ» ብላ አታውቅም።

ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ «አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ይመዝኑ፣ አስተያየትዎንም ይጻፉ» የሚል መልእክት ትልካላችሁ፤ ከአገልግሎታችሁ ሁሉ በሰዓቱ የሚደርሰው እሱ ብቻ ነው። እኔም በየጊዜው አንድ ሰጠሁ። አስተያየትም ጻፍኩ፤ ቀልድ ከጀመረኝ አይለቀኝም። በሁለተኛው ላይ «ሠላሳ አንድ አዲስ ሙሽራ ናት መሰለኝ፣ ሰላም ብላ ታፍራለች» አልኩ። በአምስተኛው ላይ «ይቺ ልጅ ደክሟታል፤ ቤቷ ላኳት» ብዬ ጻፍኩና ብቻዬን ደረጃው ላይ ሳቅሁ።

ሰባተኛውን የደወልኩት ከትናንት በስቲያ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ዝናብ ደረጃውን ስላረጠበው ሳሎን ሶፋው ላይ ተጋድሜ ነበር። «ምን ልታዘዝ?» ስባል ድምፁ ሁለት ሆነብኝ፤ መጀመሪያ ከግድግዳው ወዲያ፣ ቆየት ብሎ ከስልኬ። ግድግዳው ከመስመራችሁ በሦስት ሰከንድ ይቀድማል። ወዲያው ስልኩ ጭጭ አለ፤ ከግድግዳው ወዲያ ግን «ሃሎ? ውድ ደንበኛችን፣ ይሰማዎታል?» እያለች ትለምናለች።

«ጥርት ብሎ ይሰማኛል፣ እህትዓለም» አልኩ ለግድግዳው።

ማዳመጫው አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣች። «አንተ ነህ?» አለች። «ሰባቱም አንተ ነህ?» ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት። ሌላ ቀን ቢሆን ነጠላ ጫማዋን ትወረውርብኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ኮምፒውተሯን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና አጠገቤ ቁጭ አለች። ሰባተኛው ጥሪ ተቋርጦ መስመሩ ዳግም ነፍስ ሲዘራ ከአለቃዋ የደረሳት ደብዳቤ ነበር። በሙከራው የመጨረሻ ወር ከአምስት ጥሪ በላይ ያቋረጠች ሠራተኛ እንደማትጸድቅ፣ እሷ ግን ሰባት እንዳቋረጠች፣ ውሳኔውም ዓርብ እንደሚሰጥ ይገልጻል። ከሥሩ «የደንበኛ ምክረ ሐሳብ» በሚል ርእስ የእኔው ቃል ተለጥፏል፤ «ይቺ ልጅ ደክሟታል፤ ቤቷ ላኳት»።

ሰባቱም ጥሪዎች የእኔ ነበሩ። ሌላው ጎረቤት መደወል ካቆመ ቆይቷል፤ እሱ ከእኔ ይልቅ ያውቃችኋል።

እማዬ ከትከሻዬ በላይ ሆና አንብባ ስትጨርስ «አንተ ልጅ፣ ቀልድህ እግር አወጣ» አለችኝ። እጄን በእጄ ቆረጥኩ ማለት ይህ ነው፤ ያውም የቆረጥኩት የእህቴን እጅ ነው። ወዲያው ስልኬን አንሥቼ አንድ ለሰጠኋቸው ስድስት ጥሪዎች አምስት አምስት ላክሁ። «አስተያየትዎ ቀደም ሲል ተመዝግቧል፤ መለወጥ አይቻልም። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ደረሰኝ። በሁለት ሰከንድ! ያን ቀን የፍጥነታችሁ ምስክር ሆኛለሁ።

አራተኛ። እህትዓለም ጥፋቱ የመስመሩ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ለአለቃዋ ጻፈች። «የቤትሽን መስመር ብልሽት እንደማንኛውም ደንበኛ ለድጋፍ ክፍል ደውለሽ አስመዝግቢ» የሚል መመሪያ ተሰጣት። ትእዛዝ ይከበራልና በእጅ ስልኳ ደወለች። «ለሠፈርዎ የተመደበችው ኦፕሬተር በአሁኑ ሰዓት ስልክ ላይ ናት፤ እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» ተባለች። አልዋሻችሁም፤ ስልክ ላይ ነበረች። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ራሷን ጠበቀች።

እኔም ቀልድ አላማረኝም። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አስቦ ቢያወራው አጋነነ ይሉታል፤ እናንተ ግን ያለ ምንም ድካም ትሠሩታላችሁ።

አምስተኛ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የድርጅታችሁ ቴክኒሻን በደረጃችን ሲወጣ አየሁትና እጁን ይዤ አስቀረሁት። ለእኛ የመጣ አይምሰልዎት፤ ሦስተኛ ፎቅ ለገባ አዲስ ተከራይ ሊቀጥል ነው። በልመና ደረጃው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተልኝ። ለስምንት ቤት ተብሎ በተሠራ ሳጥን ውስጥ የአሥራ አንድ ቤት ገመድ እንደ ጎመን ታጭቋል። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት አሥራ አንደኛውን ገመድ ሲያስገባ የእኛን በክርኑ ገፍቶ ከቀዳዳው ግማሽ አውጥቶት ኖሯል። «ይቺማ ምን አላት» አለና በአውራ ጣቱ ገፋ አደረጋት። ቀጭ አለች። አለቀ። ላይ ቤት እማዬ እልል ስትል ደረጃው ድረስ ተሰማ።

ቴክኒሻኑ ሳጥኑን እየዘጋ «ወንድሜ፣ ታዲያ ይህን ያህል ቀን ለምን አትደውሉም ነበር?» አለኝ። አየሁት። ደግ ሰው ነው፣ እሱም ከጠዋት ጀምሮ ደረጃ ሲወጣ የዋለ ነው። አመስግኜው የመሣሪያ ቦርሳውን እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሸከምኩለት።

ክቡር ሆይ፣ ቀረኝ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ያለ ቀልድ እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ እናንተ ጋ ነው፣ ሞኙ እኔ ነኝ፤ እኔ ለቅቄያለሁ፣ ወረቀቱም ይልቀቅልኝ። በኦፕሬተር ሠላሳ አንድ መዝገብ ላይ ያሉት ሰባት የተቋረጡ ጥሪዎች የሳጥናችሁ ናቸው፤ ስድስቱ አንዶች የእኔ ናቸው፤ የእሷ የሆነው፣ መስመር በሌለበት ሰባት ጊዜ «ምን ልታዘዝ» ማለቷ ብቻ ነው። ውሳኔው ነገ ነው። እህትዓለም ይህን ደብዳቤ መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ አትፈቅድልኝም ነበር፤ ስለ ራሷ መናገር አይሆንላትም። የሌላውን ሰው አቤቱታ ግን ሦስት ወር ሙሉ ሳትሰለች ሰምታለች፤ የእሷን አንድ ቀን አንድ ሰው ቢሰማላት ምናለበት?

በተረፈ ነገሩን አካበድኩት እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንዲት ገመድ ከጥፍር በማትበልጥ ቀዳዳ ውስጥ ግማሽ ገብታ ግማሽ ቀረች፤ አንድ ሥራ ፈት ደረጃ ላይ ተቀምጦ ቀለደ። ይኸው ነው። የሚያስተካክለውም ሥራ ይህችኑ ታክላለች፤ መዝገቡን ከፍቶ ሰባት መስመር መሰረዝ፣ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። ይህን ለምታህል ነገር ክቡርነትዎን ይህን ያህል ማስነበቤ ያሳፍራል።

ለታገሱን ትዕግሥት፣ ላስተማሩን ትዕግሥትና ወደፊት ለሚያስፈልገን ትዕግሥት ሁሉ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ዘመንዎ እንደ መቆያ ሙዚቃችሁ የረዘመ እንዲሆን እመኛለሁ።

ታዛዥዎ፣ ደንበኛዎ፣ ሌላ አቅራቢ በሠፈሩ ስለሌለ ወዳጅዎ የሆነው፣
የኦፕሬተር ሠላሳ አንድ ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦
ጉዳዩ ለማይመለከታቸው ሁሉ (የሚመለከታቸው ስለማያነቡ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህችን የምጨምረው በዋናው መሥሪያ ቤታችሁ የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ ነው። ደብዳቤውን በእጄ ያመጣሁት ዛሬውኑ እንዲደርስዎ ብዬ ነበር፤ ተቀባይዋ ግን ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «መዝግቤ ቁጥር በሰጠሁህ፣ ግን ሲስተም የለም» አለችኝ። መቼ ይመጣል ብላት «እኔስ ምኑን አውቄ፣ ወንድሜ፤ ከጠዋት ጀምሮ የለም» አለች። አይጨነቁ። አስቸኳይ ሥራ ካለብዎ ኮምፒውተርዎን ይዘው እኛ ቤት ብቅ ይበሉ፤ የእኛው ተሠርቷል፣ ሶፋውም ባዶ ነው። ሲገቡ ብቻ ቀስ ብለው ይርገጡ፤ ሠራተኛዎ ሥራ ላይ ናት።