ሰው አትጠይቁ፣ ሲስተሙን ጠይቁ ላሉት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲሱ ወንበርዎ የተደላደለ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ምድር ቤት ባለው መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ የኖርኩ፣ ሠራተኛው «እትዬ መዝገብ» የሚለኝ የበታችዎ ነኝ። ደብዳቤዬን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ ሲስተሙ ውስጥ ከገባ ማንም አያገኘውም ብዬ ነው።

ሰነድ ሁሉ በአንድ ቃል የሚገኝበትን መፈለጊያ ስላስገቡልን አመሰግናለሁ። «ከእንግዲህ ስለ ሰነድ ሠራተኛን በቃል መጠየቅ ክልክል ነው፤ ሁሉም ሲስተሙን ይጠይቅ» የሚለው ሰርኩላርዎ ከወጣ ወዲህ ቢሮው ጸጥ ብሏል። ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ብለው ይውሰዱልኝና፦

አንደኛ፣ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ የቦይለሩን መመሪያ ቢፈልግ፣ ሲስተሙ ያለፈው ዓመት የሠራተኞች እግር ኳስ ውድድር አርባ ስድስት ፎቶግራፎች አቅርቦለታል። ቦይለሩ እስካሁን ባይነሳም፣ ሰውየው በረኛው ማን እንደነበር አውቋል። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሉት ይኸን ነው።

ሁለተኛ፣ ጥፋቱ የሲስተሙ ብቻ እንዳልሆነ በትሕትና እመሰክራለሁ። የሃያ ዓመት ወረቀት በሁለት ሳምንት ስካን ተደርጎ ይለቅ ብለው ስላዘዙ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ባለሙያዎች ሰነዱን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «አሁንስ የመጨረሻ» እያሉ አስገብተውታል። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ እንዳልበድለው፣ አንድ ቀን በትክክል ሠርቷል። እናቴን ሐኪም ቤት ለማድረስ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ብፈልግ፣ ስሜን ከነአባቴ አሟልቶ ያወጣልኝ በወሩ መጨረሻ ሊሰጠኝ የተዘጋጀውን የስንብት ደብዳቤዬን ነው። ምክንያቱ «ሥራዋን ሲስተሙ ስለተካው» ይላል። ሰነዱን ሁሉም እንዳያየው መቆለፉን የረሳችሁት ለካ ለበጎ ነው። ያን ቀን በሬን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ሁለት ልጆች ያሳደግኩበት ሥራ ነው። እርስዎ ፊቴን አይተው መናገር የፈሩትን እሱ በሁለት ሰከንድ ነገረኝ፤ ከእርስዎ ይልቅ እሱ ወንድ ወጣው።

እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ታዛዥዎ፣ ከዚያም በኋላ ስታይዎት ከመቀመጫዋ የማትነሣው፣

እትዬ መዝገብ

ማስታወሻ፦ የሥራ ዘመንዎን ለማራዘም ሰኞ የሚሰበሰበው ቦርድ ዋናውን የቅጥር ውልዎን እንደጠየቀ፣ ጸሐፊዎም ከማክሰኞ ጀምሮ በሲስተሙ ስትፈልገው እንደሰነበተች ሰምቻለሁ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜም አወጣዋለሁ። ነገር ግን ሠራተኛን በቃል መጠየቅ ክልክል ነው፤ የከለከሉትም እርስዎ ነዎት።