የፖስታ ሳጥኑ አንቀጽ

ሐሙስ፣ መጋቢት 11፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት
ከምግብ ጠረጴዛችን

ለውዷ ተቆጪዋ እናቴ፣

የውሉን ካርቶን አልከፈትኩም መቼ አልኩ? ከፍቻለሁ! «ትምህርት ጥሎ የወጣ ሰው የባንክ ውል አያነብም» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ፣ ከዛ ስልክሽን አጠፋሽው። እሺ፣ ስልክ ቢዘጋ ወረቀት አለ። የቢሯችሁ ሹፌር የነገውን ውል ኮፒዎች ሊወስድልሽ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ይሄን ደብዳቤ ከላይ አድርጌበታለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለፊርማው ያረፍሽበት ሆቴል ይደርሳል። «ፍጠኚ እንጂ ልጄ» ይለኛል። «ጋሼ፣ ስህተት ተሸክሞ መፍጠን ምን ያደርጋል?» አልኩት።

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ገጽ 41፣ አንቀጽ 17። «ተበዳሪው ካልከፈለ ባንኩ በአንቀጽ 12 የተዘረዘረውን መያዣ ይረከባል» ይላል። እስቲ 12ን ግለጪው። መያዣ የለም! ያለው የፋብሪካው አድራሻና የፖስታ ሳጥን ቁጥሩ ነው። መያዣው 11 ላይ ነው። ያ ባለከረባት ረዳትሽ ባለፈው ሳምንት አንቀጽ 6ን ሲሰርዝ ከሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቁጥር ቀነሰ፤ 17 ውስጥ የተጠቀሰውን ግን የነካው የለም። እና ባለፋብሪካው አልከፍልም ቢል፣ ጠበቃ የሆንሽለት ባንክ የሚወርሰው ማሽኑን ሳይሆን ፖስታ ሳጥኑን ነው። ቁልፉን አብረው ያስረክቧቸው እንጂ!

እንዴት አገኘሽው እንዳትዪኝ። ቀን ጸሐፊ ማታ የሕግ ተማሪ በነበርሽ ጊዜ፣ ፊት ለፊትሽ አስቀምጠሽኝ «አንብቢ፣ እኔ ልከተል» ስትዪኝ፣ «ነጠላ ሰረዝ... አራት ነጥብ» እያልኩ ያነበብኩልሽ እኔ አይደለሁም? የሰው ልጅ ተረት ሲነበብለት እኔ የብድር ውል አነብ ነበር። «የአንቀጽ ቁጥር ካየሽ ሄደሽ አንኳኪ፣ ባለቤቱ ቤት መኖሩን አረጋግጪ» ትዪኝ ነበር። ትላንት አንኳኳሁ። ባለቤቱ ቤት ቀይሯል።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ተፈርሞ በኋላ ቢገኝ ባለከረባቱን ማንም አይጠራውም። የሚጠራው ያንቺ ስም ነው፤ ባንኮቹ «እሷ ካላየችው አንፈርምም» እስኪሉ ድረስ ከጸሐፊነትሽ ጀምሮ ሃያ ዓመት የለፋሽበት ስም። ያ ነው ያናደደኝ።

ብቻዬን ነው ያነበብኩት። በኔ ወንበር አነባለሁ፣ ተነስቼ ባንቺ ወንበር እከተላለሁ። መቶ ሦስት ገጽ። ትንሹ ወንድሜ «እማዬ በሌለችበት ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቂው?» አለኝ። አባረርኩት። ባንቺ ወንበር ስቀመጥ ድምፄ ያንቺን እንደሚመስል ግን አልነገርኩትም።

ደግሞ የትምህርት ቤቴ ዳይሬክተር ፊት በሩን ደርግሜ የወጣሁ ዕለት «ያንቺ ነገር አበቃ» ብለሻል። ከገጽ 41 ጀርባ በአግራፍ ያያዝኩት የማታ ትምህርት መመዝገቢያ ነው። ስለሱ አሁን አናወራም። ሞልቼዋለሁ፣ የወላጅ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። እሱንም ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

እግዜር ዓይንሽን ያበርታልሽ፣ ለባለከረባቱም ልብ ይስጠው።

ልጅሽ ክብሪት
(ስሙን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ስጫር አትገረሚ።)

ስልክሽን ክፈቺ! ከመሸ የባንኩ ሰዎች ይበተናሉ፣ ገጹን የሚቀይር አይገኝም። እኔ ስልኩን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ልትቆጪኝም ከሆነ ተቆጪኝ፣ ብቻ ሳይመሽ ደውዪ!