ሰባተኛዋ ሳንቲም ከሚዛን አትወርድም

ይድረስ ለወንድሜ ለማሙሸት ዱባለ፤ ካለህበት አውስትራሊያ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ጉንፋኑስ ለቀቀህ? የመጋዘኑ ሥራስ እንዴት ነው? ምግብስ እንደ ሰው ቁጭ ብለህ ትበላለህ ወይስ አሁንም ቆመህ ነው የምትጎርሰው? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ካንተ ናፍቆትና ከእናታችን ከእቴቴ የጉልበት ሕመም በቀር ምንም አልሆንን። አባባም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ከወትሮው ይበልጥ ደህና ናቸው፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ። እኔም ታላቅ እህትህ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ቅመሙ ሲያስነጥሰኝ ውሎ ቤቴ እገባለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶናል። ያቺን የብር ሳንቲም ላኩልኝ ብለሃል። ለዚያ ለምትወደው የጠፈር ተከታታይ ድራማ መታሰቢያ ከተሠሩት ሰባት ሳንቲሞች ሰባተኛዋ እሷ እንደሆነች፣ ሰባቱን አንድ ላይ የሚገዛ ሰብሳቢ እንዳገኘህ፣ ሰውዬው ግን የጣት አሻራ ያረፈባትን እንደማይቀበል ጽፈሃል። የዛሬ ሦስት ዓመት ለአባባ ስጦታ ብለህ በሰው ስትልካት ከፕላስቲክ ቤቷ እንዳታወጧት፣ በእጅ እንዳትነኳት ብለህ እንደነበርም አስታውሰኸናል። እንግዲህ ማሙሸት፣ ቁጭ በል። ውሃም ጠጣ። ሳንቲምህ በአሁኑ ሰዓት ሱቃችን ውስጥ፣ አባባ ሚዛን ላይ፣ ሄል እየመዘነች ነው።

ቆይ፣ አትጩህ። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አባባ ውድ ውዱን ቅመም፣ ሄሉን፣ ቅርንፉዱን፣ ገውዙን፣ በምን እንደሚመዝኑ አትረሳውም። በእጅ ሚዛን ነው፤ በአንዱ ወገን ቅመም፣ በሌላው ወገን ያቺ አያታችን አንገቷ ላይ ታስራት የነበረችው ማርትሬዛ ጠገራ ብር። ገዢውም አንድ ጠገራ ሄል፣ ሁለት ጠገራ ቅርንፉድ ነው የሚል። አሁን በመላው የሱቅ ረድፋችን እንዲህ በጠገራ ብር የሚመዝኑ ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ቀርተዋል፤ ሌላው ሁሉ ዲጂታል ገዝቷል። አባባን እኛም እንግዛ ስላቸው፣ ባትሪ ሲያልቅበት የሚዋሽ ሚዛን አልፈልግም ይሉኛል።

ታዲያ ባለፈው ኅዳር ያቺ ማርትሬዛ ከእጃቸው አምልጣ በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ገባች። በሽቦ ብንል፣ በማግኔት ብንል እምቢ አለች። ማግኔት ብርን እንደማይስብ የነገረን የጎረቤቱ ባለሱቅ አዩብ ነው፤ እሱም ግማሽ ቀን ሲያየን ከዋለ በኋላ። ጣውላውን እንፈልቅቀው ስል መደርደሪያው ይወድቃል ብለው ከለከሉኝ። ሳምንት ሙሉ ሄል አልሸጡም። በዓይን ግምት ለሰው አልሰጥም አሉ። ገዢ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ እሳቸው እንደ ሐዘንተኛ እጃቸውን አጣምረው ያዩታል።

እቴቴ አላስችላት አለ። ሳጥኗን ከፍታ ያንተን ስጦታ ይዛላቸው መጣች። እኔ፣ ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ ኧረ አባባ፣ ማሙሸት በእጅ አትንኩ ብሏል ብዬ ጮኼያለሁ። የማይነካ ብር ምን ይሠራልኛል፣ ለጌጥ እንዳይሆን እኔ ኮረዳ አይደለሁ ብለው ፕላስቲኩን በቢላ ፈለቀቁት። ከዚያ አገላብጠው አዩዋት። በአንዱ ወገን እንደ ድስት ክዳን የተንጣለለ በራሪ ነገር፣ በሌላው ወገን ግንባሯ ላይ ሦስት ሽንሽን ያላት ሴት። የጠፈሩ መርከብ አዛዥ ናት፣ ከሌላ ዓለም የመጣች ናት ብዬ አንተ የነገርከኝን ነገርኳቸው። አዛዥ ከሆነች ታዲያ ግንባሯ ምን ይሁን፣ ሐሳብ ነዋ አሉኝ። ማርትሬዛም ሴት፣ ይቺም ሴት፤ ያም ብር፣ ይኼም ብር፤ አበቃ። ሚዛኑ ላይ አስቀመጧት።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ወር ሳይሞላ ሱቁ በሰው ተጨናነቀ። ድግስ የምታዘጋጀው እትዬ ጫልቱ፣ የጋሽ ዱባለ ሄል በረካ አለው፣ ለሁለት ሠርግ የገዛሁት ለሦስት በቃኝ ብላ ለአገር ምድሩ አወራች። አባባ የእግዜር ሥራ ነው አሉ። እቴቴ የለም፣ የኔ ስለት ነው አለች። በዚህ ሁለቱ ሦስት ቀን ተኮራረፉ። ሳንቲሟን የጠረጠረ ሰው የለም። እኔ ራሴ ሄሉ ከጆንያው ቶሎ ቶሎ ማለቁን አይቼ አይጥ ነው ብዬ ድመት አምጥቻለሁ።

ገበያ የራቀው ሰው ደግሞ ዝም አይልም። አዩብ ክፉ ልጅ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ግን ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደኛ ሲሻገሩ ሆዱ ተቃጠለና፣ ጋሽ ዱባለ በፊልም ሳንቲም እየመዘኑ ሰው ያታልላሉ ብሎ ተናገረ። ወሬው ዞሮ ዞሮ አባባ ጆሮ ገባ። ማሙሸት፣ እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ምሳቸውን ሳይነኩት መለሱት። ሠላሳ ስድስት ዓመት እዚህ በር ላይ ስቀመጥ ያፈራሁት ስሜን ብቻ ነው፣ እሱ ከሄደ ሱቁን ዝጉት አሉ። ይኼን ስሰማ አለቀስኩ። ከዚያ ሄጄ አዩብን ያፌን ሁሉ ነገርኩት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ ጾም ነው፣ የኔም የሱም።

ሽማግሌ መጥቶ ይይልኝ ያሉት አባባ ራሳቸው ናቸው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የረድፋችን ሽማግሌ ሐጂ አብዱልሰላም መጡ፤ ግማሹ ሰጋጅም ከአንዋር መስጊድ ተከትሏቸው መጣ። የአዩብን ዲጂታል ሚዛን መሐል ላይ አኖሩት። አንድ ጠገራ ሃያ ስምንት ግራም ነው፣ ይኼን የማያውቅ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የለም ተባለ። ያንተን ሳንቲም አስቀመጧት። ሠላሳ አንድ! ሐጂ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩና፣ ዱባለ፣ ማታለሉንስ አታለሃል፣ ግን የዘረፍከው ራስህን ነው አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ በየጠገራው ሦስት ሦስት ግራም ስንመርቅ ኖረናል! እኔ ድመቷን አየኋት፣ ድመቷም እኔን አየችኝ። አዩብ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ የአባባን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አባባ ግን ትክክለኛዋ መመዘኛዬ ካልተመለሰች አሉ። አዩብ ለካሣ ብሎ ጣውላውን በገዛ እጁ ፈለቀቀው፤ መደርደሪያውም አልወደቀም። ማርትሬዛዋ ወጣች። ከሷም ጋር ሁለት ማንኪያና አንተ ልጅ ሳለህ ዋጥኩት ብለህ ሐኪም ቤት ያስሮጥከን ብይ ወጣ። አባባ ማርትሬዛቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ ስመው፣ በኩራት ዲጂታሉ ላይ አኖሯት። ሃያ ስድስት።

ሳቁ ቆመ። አያታችን ለአንገቷ ስትል ያስበሳቻት ቀዳዳ! በዚያ ላይ በአንገትም በእጅም ስትታሽ ኖራ ጠርዟ ሁሉ አልቋል። ቀዳዳዋን እኮ ሁላችንም በየቀኑ እናያታለን። ብር ሲበሳ ይጎድላል ብሎ ያሰበ ግን አንድ ሰው አልነበረም። አባባ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ሐጂ፣ አላወቅክም ዱባለ፣ ያላወቀ አይጠየቅም አሏቸው። አባባም፣ ገዢዎቼም አላወቁም አሉ።

ከዚያ ተነስተው ማርትሬዛዋን ለእቴቴ ሰጧት፤ ያንተን ሳንቲም ወደ ሚዛናቸው መለሷት። በሠላሳ ስድስት ዓመት ሁለት ሁለት ግራም ያጎደልኩት፣ ሦስት ሦስት ብመርቅ በስንት ዓመት ይሞላል ብለው አዩብን ጠየቁት። በስልኩ አስልቶ፣ እየፈራ እየተባ፣ በሃያ አራት ዓመት አላቸው። አባባ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። እሺ፣ እስከ ዘጠና አምስት ነዋ አሉ። እኔ ልከለክላቸው ብዬ፣ የያኔዎቹ ገዢዎች ግማሾቹ ሞተዋል እኮ አባባ ብላቸው፣ ልጆቻቸው ወጥ አይሠሩም ወይ አሉኝ።

ያ በልመናም በቁጣም አልውጥም ያሉት የደም ግፊት ኪኒን ትዝ ይልሃል? አሁን በየጠዋቱ እቴቴን ራሳቸው ይጠይቋታል። የሃያ አራት ዓመት ሥራ አለብኝ ይላሉ። ጨውም ትተዋል።

እንግዲህ ይኼን ሰው ሳንቲሟን አምጡ ማለት እኔ አልችልም፤ ካስቻለህ መጥተህ አንተው ንገራቸው። ገንዘቡ ለቤትህ ኪራይ እንደሚጠቅምህ አውቃለሁ፣ ከልቤ አዝኛለሁ። ደግሞስ ብትመጣልህ ሰብሳቢህ መቼ ይቀበላታል? ከሦስቱ ሽንሽን አንዱ በአባባ አውራ ጣት ደብዝዟል። እሳቸውም፣ ልጄ እንዳይቀየመኝ፣ እሱ ሳይወለድ ጀምሮ ያጎደልኩትን በሱ ብር እየሞላሁ ነው በይው ብለውኛል። ይኼን ሲሉ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩብኝ።

እቴቴ ጉንጮችህን እያገላበጠች ትስምሃለች፤ ማርትሬዛዋን በክር አድርጋ እንደ አያታችን አንገቷ ላይ አስራታለች። ሐጂ አብዱልሰላም ዱዓ ያደርጉልሃል። አዩብ ሰላም ብሎሃል፤ ብይህን እሱ ዘንድ አስቀምጧታል፣ ማንም አልነካትም። እትዬ ጫልቱ ለሠርግህ ድግሱን በነፃ እሠራለሁ፣ ሙሽራዋን ብቻ ያምጣ ትላለች። ድመቷም ሰላም ብላሃለች፤ ሥራ ፈታለች።

አንድ ነገር ልረሳው ነበር። በጠገራ የሚመዝኑት ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች፣ በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ሳይከፈት አንዱ ከአንዱ ተደብቀው ለየብቻቸው መጡብኝ። የየራሳቸውን ማርትሬዛ ቤታቸው መዝነው ኖሯል። ስንት እንደወጣላቸው አልነገሩኝም፤ ፊታቸው ነገረኝ። ልጃችሁ ዘንድ እንደዚያች ያለች ሌላ አለች ወይ ብለው ነው የጠየቁኝ። ስለዚህ ማሙሸት፣ አንተ ሰባተኛዋን ላኩልኝ ትላለህ፤ ረድፋችን ደግሞ ከስድስቱ ለጊዜው ሁለቱን ላክልን ይልሃል። ፕላስቲኩን ግን እዚያው አውልቅላቸው፤ የአባባ ቢላ ደንዟል።

የምትወድህና የምትቆጣህ እህትህ፣
መቅደላዊት ዱባለ
መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.