ፍርዳቸውን ራሳቸው የመረመሩት የአቶ መርሃዊ ፍሬዝጊ የሕይወት ታሪክ
(1936–1998፣ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)

አቶ መርሃዊ ፍሬዝጊ ከአባታቸው ከአቶ ፍሬዝጊ ተስፋሁነይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኣብረኽት ገብረሕይወት በ1936 በደቀምሓረ ከተማ ተወለዱ። በዘጠኝ ዓመታቸው አዲስ አበባ አጎታቸው ዘንድ ሄደው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በዚያው ተማሩ። ኤርትራና ኢትዮጵያ በሚዋጉበት በዚህ ዓመት የሕይወት ታሪካቸው ለምን በአማርኛ ይነበባል ብለው የጠየቁን አሉ። አባታችን ፊደል የቆጠሩት በአማርኛ ነው፤ እናታችንን ለጋብቻ የጠየቁትም በአማርኛ ነው። ከዚህ ሌላ መልስ የለንም።

ተማሪ ሳሉ አንድ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ሆኪ አስተማሯቸው፤ በሣር ሜዳ ላይ፣ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ የሚጫወቱትን። በ1957 ቡና እየቀመሰ ደረጃ በሚሰጥ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ሃያ አንድ ዓመት አገለገሉ። እዚያ ቀማሹ የማን ቡና እንደሚቀምስ አይነገረውም፤ የሚያየው ሲኒው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። አንዳንዴም አንዴ የቀመሰው ቡና ቁጥሩ ተለውጦ፣ ሳያውቅ ዳግመኛ ይቀርብለታል። ሁለት ጊዜ ቀምሶ ሁለት የተለያየ ደረጃ ከሰጠ፣ የተሳሳተው ምላሱ ነው ማለት ነው። አባታችን ይህን ልማድ ይዘው ነው የኖሩት።

በ1969 ወይዘሮ ደሃብን አግብተው ወንድሜን ሓድጉንና እኔን ስኒትን ወለዱ። በ1978 ወደ ካርቱም ተሰደዱ፤ እኔ የተወለድኩት እዚያ በ1980 በኅዳር ወር ነው። በ1985 ሆላንድ ገብተን ካፔለ አን ደን አይሰል በምትባል ከተማ መኖር ጀመርን። የቡና ደረጃ መዳቢው ሮተርዳም ውስጥ የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ሆኑ። በዚህ ሥራ አላፈሩም፤ እኛም አናፍርበትም።

በ1988 እኔ ከትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር የሆኪ ክለብ ገባሁ። አባታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያዩኝ መጡና በዚያው ቀሩ። የእኔ ጨዋታ ሲያልቅ በባቡር ዴን ሃግ ወይም አምስተርዳም ሄደው የማያውቋቸውን ልጆች ያያሉ። በ1991 ከአሥራ አራት ዓመት በታች ያሉ አርባ ሴት ልጆችን በችሎታቸው ደረጃ አውጥተው፣ በጽሕፈት መኪና መትተው፣ ለጠየቋቸው አሠልጣኞች በፖስታ ላኩ። ማንም አልቀጠራቸውም፤ ማንም እንዲቀጥራቸው አልለመኑም። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል፣ ሥራ ያጣ ሰው የልጆች ጨዋታ ሲከታተል ይውላል እያላችሁ የሳቃችሁባቸው ነበራችሁ። ስም አልጠራም። እናንተ ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ሥራቸው እንደ ቅምሻው ነበር። ማስታወሻቸው ላይ የማልያ ቁጥር እንጂ ስም አይጽፉም፤ ወላጅ ሊያናግራቸው ሲመጣ ቦታ ይቀይራሉ። ዲመን በምትባል ከተማ የሚኖሩት ወዳጃቸው አቶ ፈቃደ ማስታወሻውን ወስደው ቁጥሮቹን ያቀያይሩና፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ደረጃ ያስወጧቸዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ ልጅቷን ሦስተኛ ጊዜ ሊያዩ ይሄዳሉ። ዝናብ ሆነ ነፋስ፣ ይሄዳሉ።

በየዓመቱ ሰኔ ደግሞ ሌላ ገጽ ያወጡ ነበር፤ ርእሱ «የተሳሳትኩባቸው» ይላል። በ1992ቱ ገጽ፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ልጆች ስምንቱ ከጥር እስከ መጋቢት የተወለዱ መሆናቸውን ጽፈው፣ «ችሎታ ያልኩት ዕድሜ ኖሯል፤ የዕድሜ ምድቡ ከጥር ስለሚቆጠር፣ በወራት የሚበልጡት በቁመት በለጡ» አሉ። ከዚያ ወዲህ የትውልድ ወርን እየቆጠሩ ደረጃውን አረሙ። በ1993 ደግሞ «ከአሥር ስድስት ልክ ሆኛለሁ። ሳንቲም ከመወርወር ትንሽ ይሻላል» ብለው ጻፉ። ይህንን ያነበቡ ሳቁ። እርሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም።

በመስከረም 1994 እኔም ዝርዝሩ ውስጥ ገባሁ። በኅዳር መወለዴን ቆጥረውልኝም ሃያ ዘጠነኛ ነኝ። «ፓፓ፣ ይሄ ኤርላይክ አይደለም፣ ፍትሐዊ አይደለም፤ አባቴ አይደለህም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። «አባትሽማ ነኝ» አሉኝ፣ «ኳስ ስትቀበዪ ግን ቀና ብለሽ አታዪም።» አራት ወር አላነጋገርኳቸውም። በልጃቸው የሚቀኑ ሰው ናቸው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ይህን በማለቴ ዛሬ እዚህ ፊታችሁ አፍራለሁ።

በየካቲት 1995 የአንድ የዴን ሃግ ክለብ ኃላፊ ቤታችን መጡ። አባታችንን የክለቡ የተጫዋቾች መልማይ ሊያደርጓቸው፣ ለእኔም በልጆች ቡድናቸው ቦታ ሊሰጡኝ ነው። በምላሹ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ የሰኔው ገጽ ይቅር። «ስህተቱን የሚያትም መልማይ ማን ያምነዋል?» አሉ። አባታችንም፣ «የሚደብቀውን ካመኑ እሱን ይቅጠሩ» ብለው ካፖርታቸውን አቀበሏቸው። እኔ የዚያን ቀን ልምምድ ላይ ነበርኩ። ነገሩን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ከአቶ ፈቃደ ነው፤ አልቅሼ በር ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው ዝርዝሩን ማንም እንዳይቀበል ሲያስወሩ፣ አርባ አንድ የነበሩት ተቀባዮች አሥራ ስድስት ቀሩ። አባታችን ለአሥራ ስድስቱ ላኩ። በ1996 ከታላላቆቹ ጋር ስጫወት አሠልጣኟ ጠርታኝ፣ ኳስ ስቀበል ቀና ብዬ እንደማላይ ነገረችኝ። ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ውስጥ ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። በዚያው ዓመት ሆኪውን ትቼ ነርስነት ለመማር ወሰንኩ።

በየካቲት 1998 ሁይስአርትሳቸው፣ የቤተሰብ ሐኪማቸው፣ ለሆዳቸው ሕመም ወደ ሆስፒታል ላኳቸው፤ የጨጓራ ካንሰር ተገኘባቸው። ሰኔ ሲደርስ መጻፍ ስላልቻሉ ገጹን እየነገሩ አቶ ፈቃደን አስጻፉ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ስኒት መርሃዊ፣ 1994፣ ሃያ ዘጠነኛ። ደረጃው ልክ ነው። የዴን ሃጉን ቦታ እርሷን ሳልጠይቅ እምቢ ማለቴ ግን ስህተት ነው።» ለአሥራ ስድስቱም አሠልጣኞች እንደዚሁ ተላከ።

አቶ መርሃዊ ረቡዕ ጥቅምት 14 ቀን 1998 ሮተርዳም ውስጥ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደሃብ፣ ልጆቻቸው ሓድጉና ስኒት፣ ወንድም ያህል የሆኗቸው አቶ ፈቃደም በሐዘን ቀርተዋል። እውነቱን አይቶ የሚፈርድ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋግ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን፤ እናንተንም ከሐዘን ይጠብቅልን።

ፓፓ፣ የመጨረሻዋን ግን ተሳስተሃል። ብትጠይቀኝ ኖሮ «ገጹን ተውላቸው፣ እሺ በላቸው» እልህ ነበር፤ አንተም ለእኔ ስትል ታደርገው ነበር። እንኳን አልጠየቅከኝ።